72 ሰዓት፦ ስለ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ልናውቀው የሚገባን



ለእረፍት ወደ ቀብሪበያ ስንመለስ ታናናሾቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚጠይቁን አንዱ ስለ «ፖስት ፒል» ነው። አንዳንዶቹ ማስወረጃ ይመስላቸዋል፤ ሌሎቹ ወር ካለፈም ይሠራል ይላሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው።

እንክብሉ ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን ይዟል፤ ሙሉ መጠኑ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ዋና ሥራው የሴቷ እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ ማዘግየት ነው። የተጀመረ እርግዝናን አያቋርጥም፤ ስለዚህ ማስወረጃ አይደለም። ወሳኙ ነገር ሰዓቱ ነው። ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት ይወሰዳል። እስከ 5 ቀን ሊረዳ ቢችልም ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። በወሰደች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት መድገም ይኖርባታል። የወር አበባዋ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ትመርመር። እንክብሉ ኤች አይ ቪን አይከላከልም፤ የዘወትር መከላከያንም አይተካም።

«ይህ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ዚና ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህን መጻፋችንም ለዚና በር መክፈት አይደለም። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ከሆነ የክልላችን ሴቶች ከ100ው 19ኙ ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። እነዚህ በአብዛኛው በኒካሕ ውስጥ ያሉ እህቶቻችን ናቸው። በሰሓቦች ዘመን ዐዝል ይደረግ እንደነበር ከጃቢር (ረ.ዐ) የተላለፈው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ብዙ ዑለማዎች ባልና ሚስት ተስማምተው ጊዜያዊ መከላከያ እንዲጠቀሙ የሚፈቅዱት ከዚህ ተነሥተው ነው። ዝርዝሩን ከዓሊም መጠየቅ ይገባል።

ሌላዋ የተደፈረች እህታችን ናት። ተገድዳለችና ኃጢአት የለባትም። ለእሷ 72 ሰዓቱ እጥፍ ክብደት አለው፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒትም መጀመር ያለበት በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትወሰደው ወደ ሽማግሌዎች ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ነው። ከቀብሪበያ ጅግጅጋ በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ሰዓቱን የሚበላብን መንገዱ ሳይሆን ይሉኝታችን ነው።

እህቶችና ወንድሞች፣ ታናናሾቻችን ሲጠይቁን አንቆጣቸው። ያወቅነውን በሐያእ እንንገራቸው፤ ያላወቅነውን ጤና ባለሙያ እንጠይቅላቸው።

ወላሁ አዕለም።