ከሚሳይሉ በፊት ሜዳው

የበረራ መሐንዲስ ነኝ። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ሠንጠረዡን ዘርግቼ የማየው ሦስት ነገር ነው፦ የሜዳው ከፍታ፣ የአየሩ ሙቀትና የጭነቱ ክብደት። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሄሊኮፕተሩ ምላጭ የሚይዘው አየር ሲሳሳ የማንሣት ኃይሉ ይደክማል፤ ሞተሩ የሚስበው አየርም ስለሚያንስ ጉልበቱ አብሮ ይወርዳል። የቀትር ሙቀት ሲጨመርበት ከነዳጅ ወይም ከጭነት የግድ ይቀነሳል። ስለ ተዋጊ ሄሊኮፕተር የሚጠይቁኝ ሰዎች ግን ወሬውን የሚጀምሩት ከሚሳይሉ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደሚበርና ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ ነው።

ተዋጊ ሄሊኮፕተር ሁሉ የተሠራለትን ተልእኮ በአካሉ ላይ ይዞ ይኖራል። አፓቺ የተነደፈው በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አውሮፓ ላይ የሶቪየትን ታንኮች ከሩቅ እንዲመታ ነበር፤ እስከ 16 ሄልፋየር ሚሳይል ይዞ ከኮረብታ ጀርባ ያንዣብባል። ሚ-24 ደግሞ 8 ወታደሮችን በሆዱ ይዞ እየተኮሰ በፍጥነት እንዲያልፍ ታስቦ የተሠራ ነው። አጫጭር ክንፎቹ በፍጥነት ሲበር የክብደቱን አንድ አራተኛ ገደማ ይሸከሙለታል፤ ቆሞ ሲያንዣብብ ግን አይረዱትም። ሶቪየቶች በአፍጋኒስታን ሙቀትና ከፍታ ውስጥ ጭነት እየቀነሱ፣ እንደ አውሮፕላን እየተንደረደሩ ለመነሣት የተገደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ከመርከብ የሚነሣው የአሜሪካ ማሪን ኮር ደግሞ የመረጠው ምላጩ የሚታጠፈውን ኤኤች-1ዜድ ነው። ይህ ሄሊኮፕተር ከማጓጓዣው ዩኤች-1ዋይ ጋር 85 በመቶ ያህል መለዋወጫ ይጋራል። በጠባብ መርከብ ላይ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ለእኛ ለደገኞቹ የሚቀርበው ትምህርት ግን የሕንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በካርጊል ጦርነት ጠላት የያዘው የተራራ ጫፍ ነበር፤ የሚ-24 ዝርያ የሆኑት የሕንድ ሚ-35ዎች በዚያ ከፍታ መዋጋት አልቻሉም። በምትካቸው ሮኬት የታጠቁ ማጓጓዣ ሚ-17ቶች ተላኩ። እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን አንዱ በትከሻ በሚተኮስ ሚሳይል ተመትቶ አራት በራሪዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሕንድ ለተራራ የሚሆን የራሷን ሄሊኮፕተር ለመሥራት ተነሣች። ከፈረንሳይ ኩባንያ ጋር የተሠሩ ሁለት ሻክቲ ሞተሮች ያሉት ይህ ሄሊኮፕተር፣ ፕራቻንድ፣ ሙሉ ክብደቱ 5.8 ቶን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያቼን ተራሮች ላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ባለ ሜዳ አርፎ ተነሣ፤ በ2022 ለአየር ኃይሉ ተሰጠ። ሕንድ ከዚህ ጎን ለጎን ለአየር ኃይሏ 22 አፓቺዎችንም ገዝታለች። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ቀላሉ ተራራ ይወጣል፣ ከባዱ ብዙ ይሸከማል።

ሌላው መመዘኛ ሄሊኮፕተሩን ለዓመታት ማብረር መቻል ነው። አውስትራሊያ ታይገር የተባለውን ተዋጊ ሄሊኮፕተር እ.ኤ.አ. በ2001 መረጠች፤ ሙሉ ለሙሉ ዝግጁ ነው የተባለው ግን በ2016 ነበር። በ2021 በአፓቺ እንዲተካ ተወሰነ። መለዋወጫው ካልደረሰና ቴክኒሻኑ ካልሠለጠነ የታጠቀው ሚሳይል ሁሉ ሀንጋር ውስጥ ይቀራል።

አገራችን ከአፋር ዝቅታ እስከ ሰሜን ተራሮች የምትዘረጋ ናት፤ አየር ኃይላችንም ሚ-24ንና ሚ-35ን ያበራል። ስለዚህ አዲስ ሄሊኮፕተር የሚመርጡ ሁሉ ሙከራውን በአምራቹ ሜዳ ብቻ አይጨርሱ። ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መሣሪያ ጭነው፣ በራሳችን ደጋና በራሳችን ቆላ፣ በቀትር ያንዣብቡት። ውል ከመፈረሙ በፊት መሐንዲሱና ቴክኒሻኑ ከአብራሪው ጋር አብረው ይጠየቁ። ሚዛኑ ሲሳሳት ነፍሱን የሚከፍለው በራሪው ነውና፣ ይህን ጥያቄ ቀድሞ መጠየቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።