በአንድ ጉባዔ ገቢ የቆመው ማኅበር

የባንክንና የአየር መንገድን መዝገብ በኮምፒዩተር የሚጠብቁ የዳታቤዝ አስተዳዳሪዎች ስማቸው የሚነሳው ሲስተም ሲቆም ነው። የሙያ አጋር የሚያገኙትም በአብዛኛው ከመሥሪያ ቤታቸው ውጭ ነው።

ማይክሮሶፍትና ኮምፒዩተር አሶሺየትስ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት «ፓስ» የተሰኘው የኤስኪውኤል ሰርቨር ባለሙያዎች ማኅበር ይህን ክፍተት ሞልቶ ነበር። አባልነቱ በነፃ ሲሆን ወጪው በዋናነት የሚሸፈነው በየዓመቱ፣ ብዙ ጊዜ በሲያትል፣ ከሚካሄደው ጉባዔ ገቢ ነበር። አንድ ደንበኛ ብቻ ይዞ እንደሚነግድ ሱቅ መሆኑ ነው።

በ2020 ኮሮና አዳራሹን ዘጋ። ጉባዔው በኢንተርኔት ቢካሄድም ገቢው አልበቃም፤ ማኅበሩ በጥር 2021 ሥራውን አቆመ። ንብረቱን የገዛው የእንግሊዙ ሶፍትዌር ኩባንያ ሬድጌት በ2022 ጉባዔውን ወደ ሲያትል መለሰው።

ከውድቀቱ የተረፈው ርካሹ ዝግጅት ነው። በ2007 በኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ የተጀመረው «ኤስኪውኤል ሳተርደይ» ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች ይካሄዳል። አስተማሪው አይከፈለውም፤ ተሳታፊውም ቢበዛ የምሳውን ነው የሚከፍል። ስፖንሰሩ ጠረጴዛ ዘርግቶ ምርቱን ያስተዋውቃል፣ የገዢ አድራሻ ይሰበስባል፤ ቀጣሪና ሥራ ፈላጊ በቡና ሰዓት ይተያያሉ። ቀኑ ቅዳሜ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአለቃ ፈቃድ አይጠየቅበትም።