ተጨማሪ መረጃ፦ ገዳሪፍ በየትኛው የከተማ ሞዴል ትገለጻለች?

በርጌስ በ1925 እ.ኤ.አ. ቺካጎን አጥንቶ ከተማ ከመሃል ወደ ዳር በቀለበት ይሰፋል አለ። ሆይት በ1939 ዕድገቱ መንገድንና ሐዲድን ተከትሎ እንደ ሽብልቅ እንደሚዘረጋ አሳየ። ከመተማ ድንበር ባሻገር ያለችው የሱዳኗ ገዳሪፍ ግን ይበልጥ የምትቀርበው ለሃሪስና ኡልማን የ1945 ባለብዙ እምብርት ሞዴል ነው። ሰሊጥና ማሽላ በጆንያ ተደርድሮ በጨረታ የሚሸጥበት የእህል ገበያ አንዱ እምብርት ነው። የኢትዮጵያ ስደተኞች የሰፈሩባት ተዋዋ ደግሞ ሌላዋ ናት። በርጌስ አዲስ መጤዎችን ያገኛቸው ከመሃል ከተማው አጠገብ፣ በርካሽ የኪራይ ቤቶች ውስጥ ነበር፤ እዚህ ግን የሰፈሩት ዳር ላይ ነው። ተዋዋን የወለዳት የመሬት ዋጋ ሳይሆን ጦርነትና ረሃብ ነው፤ ይህን የትኛውም ሞዴል በቅጡ አያሳይም። እናንተም የከተማችሁን ንድፍ ሣሉና እምብርቶቹን ቁጠሩ።