የታሪክ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ፣ ታሪክ በኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የራሱ ክፍለ ጊዜ አልነበረውም። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ከጂኦግራፊ ጋር በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ይሰጥ ነበር፤ ለብቻው የሚጀመረው በ9ኛ ክፍል ነው።

ይህ ትምህርቱን በበላይነት ለሚመራው የትምህርት ክፍል ተጠሪ ሁለት ችግር ያመጣል። አንደኛው፣ በጂኦግራፊ የሠለጠነ መምህር የታሪኩን ምዕራፍ በጥድፊያ ሊያልፈው መቻሉ ነው፤ ስለሆነም የታሪኩ ድርሻ በዓመቱ ዕቅድ ላይ ተለይቶ መያዝ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የአካባቢ ታሪክ ነው። ለምሳሌ በደቡብ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተጎትቷል። ጉዳዩ ለአርብ ገበያ ተማሪ ቅርብ ነው፤ ሆኖም ከሽማግሌዎች የሚሰማው ከጽሑፍ ማስረጃ ጋር ካልተመሳከረ ታሪክና ተረት ይቀላቀላሉ።