መልቀቂያ የያዘና ያልያዘ ሠራተኛ ዋጋቸው ለምን ተለያየ?

በአራዳ ጊዮርጊስና በፒያሳ አንድ የሱቅ ሠራተኛ ሁለት ዋጋ አለው፡፡ ከቀድሞ አሠሪው መልቀቂያ ይዞ የመጣው በደመወዙ ይደራደራል፤ ባዶ እጁን የመጣው የተባለውን ተቀብሎ ይገባል፡፡ የሁለቱም ልምድ፣ ቅልጥፍናና ታማኝነት አንድ ሊሆን ይችላል፡፡ ያለያያቸው ማኅተም ያረፈባት አንዲት ገጽ ናት፡፡ ብዙ ነጋዴ ይህችን ገጽ እንደ መያዣ ያያታል፡፡ ሠራተኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ እንዳይሻገር፣ ደንበኛም ይዞ እንዳይሄድ ማሰሪያ ትሆነዋለች፡፡ ሕጉ በበኩሉ የአሠሪው ዕዳ አድርጓታል፡፡

ነገሩ የሚጀምረው ከሥራ ፍለጋው ነው፡፡ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ መቃኘት የአራት ኪሎና የፒያሳ የቆየ ልማድ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ማስታወቂያ ወደ ቴሌግራም ገብቷል፡፡ ይሁንና በማስታወቂያ የሚቀጥሩት ባንኮች፣ መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፡፡ ወርቅ ቤቱ፣ ጫማ ቤቱና ኬክ ቤቱ ቢበዛ መስታወታቸው ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የምትል ወረቀት ይለጥፋሉ፤ የሚቀጥሩት ግን በሰው በሰው ወይም በደላላ ነው፡፡ ደላላው ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ይቀበላል፡፡ ሠራተኛው ቶሎ ሲለቅ ሌላ ኮሚሽን ስለሚመጣ ቦታው ተስማማው አልተስማማው የማይገደው አለ፡፡ (በስሙ የሚኖር ደላላም እንዳለ ሠፈሩ ያውቃል፡፡) የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ የሚለው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራውን ነው፡፡ ኮሚሽኑ የቀጣሪው ወጪ ነው ማለት ነው፡፡

መልቀቂያ ያጣ ቀጣሪ «ተያዥ አምጣ» ይላል፡፡ ከክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ደመወዝ ያለው ዋስ በቀላሉ አያገኝም፤ ያ ጉድለቱ ከደመወዙ ላይ ይቀነስበታል፡፡ ነጋዴውም ቢሆን በያዘው የዋስ ወረቀት ብዙ ባይተማመን ይሻለዋል፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ላይ ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸበት ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል፡፡ «ለሚያጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ጣሪያ የሌለው ወረቀት በየመሳቢያው ሞልቷል፡፡ ካዝና ጎድሎ ፍርድ ቤት ሲቀርብ አያስኬድም፡፡

የጉድለት ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ በሱቅ ሠራተኞች ዘንድ ከሁሉ የሚበዛው ምሬት ይኸው ነው፡፡ ወር ሲደርስ «ዕቃ ጎድሏል» ተብሎ ደመወዝ ይያዛል፤ ቆጠራው የተደረገው ግን ሠራተኛው በሌለበት ነው፡፡ በአዋጁ መሠረት ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፡፡ በአንድ ወር የሚቆረጠውም ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም፡፡

እንዲህ ተማርሮ የተሻለ ክፍያ ያገኘ ሠራተኛ ልልቀቅ ሲል መልቀቂያው ይመጣል፡፡ ከሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፡፡ ጥሎ ከሄደ አሠሪው እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊጠይቀው ይችላል፤ ይህ የነጋዴው መብት ነው፡፡ ወረቀቱን መከልከል ግን ሕጉ ከሰጠው መፍትሔ ውስጥ የለም፡፡ የአዋጁ አንቀጽ 12 የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ ይስጠው ይላል፡፡ «ውል አልፈረምንም» ማለትም አያድንም፡፡ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት ነበረበት፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም፡፡

በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ደመወዝ ሌላ ጣጣ አለው፡፡ በብዙ ሱቅ ሁለት ደመወዝ አለ፤ በእጅ የሚሰጠውና በፔሮል የሚታየው፡፡ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ያለውን ደመወዝ ከግብር ነፃ ስላደረገ ፔሮሉን እዚያው ላይ ማቆም ያጓጓል፡፡ ለምሳሌ 6,000 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ እንውሰድ፡፡ ቁጥሩ በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለራሱ ሠራተኞች ያወጣው ዝቅተኛ ደመወዝ ነው፡፡ በግል ሥራ ግን የ2011ዱ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ወለሉ ሳይቆረጥ ዓመታት አልፈዋል፡፡

ይህ ደመወዝ በሙሉ ከታየ 700 ብር ግብርና 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 420 ብር ተቀንሶ ሠራተኛው እጅ 4,880 ብር ይገባል፡፡ አሠሪው በራሱ በኩል 11 በመቶ፣ 660 ብር ይጨምራል፡፡ ፔሮሉ 2,000 ብር ብቻ ካለ ግን ሠራተኛው በወር 980 ብር፣ አሠሪው 440 ብር «ያተርፋሉ»፡፡ ሠራተኛውም እሺ የሚለው ለዚህ ነው፡፡ ነገር ግን መዝገብ የሚይዝና 30 በመቶ ግብር የሚከፍል ኩባንያ የደበቀው 4,000 ብር ወጪ ሆኖ ስለማይያዝለት በወር 1,200 ብር ተጨማሪ ግብር ይወጣዋል፡፡ 440 ለማዳን 1,200 መክፈል ነው፡፡ ሠራተኛው ደግሞ ዓመታት ቆይቶ ሲለቅ መልቀቂያው 2,000 ብር ይላል፡፡ አዲሱ ቀጣሪ ከዚያ ተነሥቶ ነው የሚደራደረው፤ የጡረታ መዋጮውም የተሰላው በዚያው ቁጥር ነው፡፡ ትክክለኛውን ክፍያ የሚያስረዳለት በባንክ ወይም በቴሌብር የተላከ ገንዘብ ካለ ብቻ ነው፡፡

የመሰናበቻው ሂሳብ ከዚህ ይከብዳል፡፡ ያው ባለ 6,000 ብር ሠራተኛ አራት ዓመት ሠርቶ ያለ በቂ ምክንያት ቢባረርና ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራው እንዳይመለስ ቢወስን፣ የሥራ ስንብቱ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር፣ ለቀሪው ሦስት ዓመት በየዓመቱ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ 6,000 ብር፣ በድምሩ 12,000 ብር ነው፡፡ ካሣው የ180 ቀን ደመወዝ፣ 36,000 ብር ይሆናል፡፡ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የሚገባው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ክፍያ ሌላ 12,000 ብር ነው፡፡ ባለሱቁ በአንድ ቀን ንዴት 60,000 ብር አወጣ ማለት ነው፡፡

በአራዳ ይህ ሂሳብ ይበልጥ የተፈለገው በ2016 ዓ.ም. ነው፡፡ በመልሶ ማልማቱና በኮሪደር ሥራው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያና ዙሪያቸው ሲፈርሱ ብዙ ሱቅ ተነሣ፡፡ አትክልት ተራ ቀደም ብሎ በ2012 ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት በሄደ ጊዜ ወዛደሩ ገበያውን ተከትሎ ሄዷል፡፡ የሱቅ ሠራተኛ ግን የሚከተለው ገበያውን ሳይሆን አሠሪውን ነው፡፡ ሱቁ ሌላ ሠፈር ከተከፈተ ውሉ አብሮ ይሄዳል፡፡ ለዘለቄታው ከተዘጋ ግን ምክንያቱ የነጋዴው ጥፋት ባይሆንም እንኳ ሠራተኛው ከሥራ ስንብቱ በላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል፡፡ በላይኛው ምሳሌ 12,000 በ12,000፣ 24,000 ብር መሆኑ ነው፡፡ ነጋዴውም ሱቁን አጥቶ ይህን መክፈሉ እንደሚከብደው ግልጽ ነው፤ ሆኖም አዋጁ «ኪሳራ ወይም በሌላ ምክንያት» ብሎ ለይቶ አልተወለትም፡፡

ከሦስትና አራት ሠራተኛ በላይ በሌለበት ሱቅ ማኅበር አይታሰብም የሚሉ አሉ፡፡ ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ከአሥር ያነሰ ሠራተኛ ባላቸው ሱቆች የሚሠሩ ግን ተሰባስበው አሥር ከሞሉ አንድ ጠቅላላ ማኅበር ሊያቋቁሙ ይችላሉ፡፡

ውል ሲቋረጥ የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፡፡ ያዘገየ አሠሪ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል፡፡ ሠራተኛው ክስ ሲያቀርብ ዳኝነት አይከፍልም፡፡ ሰዓቱ ግን አጭር ነው፡፡ ወደ ሥራ ለመመለስ ሦስት ወር፣ ለደመወዝ፣ ለትርፍ ሰዓትና ለስንብት ክፍያ ስድስት ወር ብቻ ተሰጥቶታል፡፡ በመጋቢት 2016 ሱቁ ለዘለቄታው የተዘጋበት ሠራተኛ እስከ መስከረም 2017 ካልጠየቀ፣ 24,000 ብሩ በይርጋ ቀርቷል፡፡