መንገድ ያጣው የእሳት አደጋ መኪና

የሐርጌሳውን ዋሄን ገበያ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ገበያው በእሳት ጋየ። ወደ 28 ሰዎች ተጎዱ፤ ብዙ ሱቅና መደብ አመድ ሆነ። መተላለፊያው ጠባብና የተጨናነቀ ስለነበር የእሳት አደጋ መኪኖች እንደልብ መግባት አልቻሉም።

መንገድ አትዝጉ ማለት ቀላል ነው፤ የሚያስከብር ባለሥልጣን ከሌለ ግን ደንብ ወረቀት ብቻ ነው። ዕዳው የሚወርደው ደግሞ በጉሊት ልጆቿን በምታሳድር እናት ላይ ነው።

እኛም በላስቲክና በጣውላ ቤት ተጠጋግተን ነው የምንኖረው። እንግዲህ በቤቶቻችን መካከል መተላለፊያ እንተው፤ ምድጃ ሳናጠፋ አንተኛ። ዳሱን ወደ መንገድ ያወጣ ጎረቤት ካለ ሳንጣላ ዛሬውኑ እንንገረው፤ የካምፑን ኮሚቴም ዝም አንበለው።