ቀይ እራፊና ስምንት መትረየስ

ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ለሚገጣጥም ሰው የክንፉ መትረየሶች መጨረሻ ላይ የሚታሰቡ ጥቃቅን ነገሮች ይመስሉታል። ለእኔ ግን የሞዴሉን ታሪክ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። አውሮፕላኑ ለመነሣት ተዘጋጅቷል ወይስ ተዋግቶ ተመልሷል? ይህ የሚታወቀው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን የነበረው ራልፍ ሶርሊ አንድ ነገር አሳሰበው። ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች እየፈጠኑ ስለሄዱ፣ አብራሪው ዒላማውን አነጣጥሮ የሚቆየው ለ2 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት በቂ ጥይት ለማዝነብ ስምንት መትረየስ ያስፈልጋል ብሎ ተሟገተ፤ ሐሳቡም ተቀባይነት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1938 አገልግሎት የጀመረው ስፒትፋየር 7.7 ሚሊሜትር ብራውኒንግ መትረየሶችን ታጠቀ። እያንዳንዱ በደቂቃ 1,150 ያህል ጥይት ይተፋል፤ የተመደበለት ግን 300 ብቻ ነው። ቃታው ሳይለቀቅ ቢተኮስ በ16 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል።

የስፒትፋየር ክንፍ ስስ ነው። ስለዚህ ሃሪኬን በተባለው፣ ወፈር ያለ ክንፍ ባለው ሌላ ተዋጊ አውሮፕላን ላይ አራት አራት ሆነው የተጠጋጉት መትረየሶች እዚህ ተበታትነው ተቀመጡ። ችግሩ የመጣው ከፍታ ላይ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ መሬት ላይ 15 ዲግሪ ቢሆን 9,000 ሜትር ላይ ከዜሮ በታች 43 ይደርሳል። የመትረየሱ ዘይት ይወፍራል፣ እርጥበቱ በረዶ ይሠራል፣ መሣሪያውም አልተኩስ ይላል። መፍትሔው ከራዲያተሩ የሚወጣውን ሙቅ አየር በቱቦ ወደ መትረየሶቹ መሳብ፣ ቀዳዳዎቹንም በጨርቅ እራፊ መድፈን ሆነ። ክንፉ ላይ የሚታዩት ቀያይ አራት ማዕዘኖች እነዚህ እራፊዎች ናቸው። የመጀመሪያዋ ጥይት ጨርቁን በጥሳ ትወጣለች።

አሁን ወደ ሞዴሉ እንምጣ። በ1:48 መጠን 7.7 ሚሊሜትር ወደ 0.16 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ በ1:72 ደግሞ የፀጉር ውፍረት ያህል፣ 0.11 ገደማ ብቻ ይሆናል። ይህን ያህል ቀዳዳ በእጅ መሰርሰር የማይታሰብ ነው። እንግዲህ እራፊው ለሠሪው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ቀዳዳውን ራሱ ይሸፍንለታል።

ባለ 20 ሚሊሜትር ሂስፓኖ መድፍ የተገጠመለትን ማርክ 5 ‹ቢ› የተባለ የስፒትፋየር ዓይነት የሚሠራ ሰው ግን ማምለጫ የለውም። የመድፉ ረጅም አፈሙዝ ከክንፉ ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው የፕላስቲክ አፈሙዝ ደግሞ ድፍን ነው፤ ቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሽ ብረት ስለሆነ ጫፉን ሊቦረቡር አይችልም፤ ጎንና ጎኑ ላይም የመጋጠሚያ መስመር ይተውበታል። እኔ የምመርጠው የሐኪም መርፌን ነው። 20 ሚሊሜትር ለ48 ሲካፈል 0.42 ይሆናል፤ የ22 ቁጥር መርፌ የውስጥ ስፋት ደግሞ 0.41 ገደማ ነው። ከዚህ በላይ የተስማማ ነገር ማግኘት ይከብዳል። መርፌውን በፒንሳ መቁረጥ ግን አይገባም፤ አፉ ይጨፈለቃል። በቀጭን ሞረድ ጠርዝ ዙሪያውን እያዞሩ ከከረከሩት በኋላ ቀስ ብሎ ቢታጠፍ ንጹሕ ሆኖ ይሰበራል። ጫፉን በድፍን ጥቁር ከመቀባት ይልቅ ጥቁር ግራጫ ቀብቶ፣ ሲደርቅ የእርሳስ ዱቄት ማሸት እውነተኛ የብረት ወዝ ይሰጠዋል።

በብዙ ሞዴሎች ላይ የማየው ስሕተት የአቅጣጫ ነው። የስፒትፋየር ክንፍ ጠርዙ ክብ እየሠራ ወደ ኋላ ይሄዳል። አፈሙዙን ከጠርዙ ጋር ቀጥ አድርጎ የሚያጣብቅ ሰው መድፎቹን ወደ ውጭ ያፈነግጣቸዋል፤ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ዒላማውን በሁለት በኩል ስቶ ይተኩሳል። እውነተኞቹ መሣሪያዎች አፍንጫው ወደሚያይበት ነው የሚያዩት። እንዲያውም በትንሹ ወደ ውስጥ ያዘነብሉ ነበር፤ ጥይቶቹ መጀመሪያ በ400 ያርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ በ250 ያርድ ማለትም 230 ሜትር ገደማ ላይ እንዲገናኙ ይስተካከሉ ነበር። ይህ ዝንባሌ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሆነ በሞዴል ላይ አይታይም፤ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ትይዩ ማድረግ ይበቃል።

ቀጥሎ እራፊው ነው። እውነተኛው ጨርቅ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይወፍር ስለነበር በ1:48 መጠን 0.01 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት። በጣም የሳሳ ወረቀት እንኳ ከዚህ ይወፍራል። የተሻለው በውኃ ተላቆ የሚለጠፍ ቀይ ሥዕል ነው። የተኮሰ አውሮፕላን ለመሥራት ከተፈለገ እራፊውን መሐሉን በስቶ ጠርዙን ማቦጫጨቅ፣ ከዚያ ከክንፉ በታች፣ ቀለሁ ከሚወጣባቸው ሽንቁሮች ጀምሮ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ስስ ጥላሸት ማሸት ነው። ጥላሸቱ የአየሩን ፍሰት ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን አይንሸራተትም።

እኔ ደስ የሚለኝ ሦስተኛው ሁኔታ ነው፦ ክንፉ ሥር የትናንት ጥላሸት አለ፤ ፊቱ ላይ ግን እራፊው ድፍንና አዲስ ነው። የመሣሪያ ባለሙያዎቹ ጥይት ሞልተው፣ ቀዳዳውን ደፍነው ጨርሰዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በጋ የነበረ ስፒትፋየር የሚሠራ ሰው ለእውነቱ የሚቀርበው ይህን ቢመርጥ ይመስለኛል።